ሆዷ እምቢ ያለው ሰው

ሙንተሃ በሐይቅ ዳሯ ከተማችን ፒያሳ ላይ የመጋረጃና የጨርቅ ሱቅ አላት። የእኔ ስፌት ቤት ከእሷ ሱቅ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። እሷ ጨርቁን ትሸጣለች፣ እኔ እሰፋዋለሁ፤ ደንበኛው ከእሷ በር ወጥቶ በእኔ በር ይገባል። እሷ ስልጤ ናት፣ እኔ ከምባታ ነኝ፤ አርብ ቀትር ላይ እሷ ሱቋን ትዘጋለች፣ እሑድ እኔ ቸርች እሄዳለሁ። ከዚህ ሌላ የሚለየን ነገር ብዙ የለም። ስሜ ብርሃነሽ ይባላል። ይህን የማወራው እሷ ራሷ ፈቅዳልኝ ነው። “አውሪው፤ ስለ ሆዴ ስትናገሪ ግን አታጋኚ” ብላኛለች።

ሆዷን ማመም ከጀመራት ቆይቷል። ፒያሳ ውስጥ ደግሞ የሆድ ሕመም ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ጨጓራ። ቃር ያቃጠለው ጨጓራ አለብኝ ይላል። ግሳት የበዛበት፣ ምግብ አልፈጭ ያለው፣ ሆዱ የተነፋ፣ ጠዋት ሲነሳ የሚያቅለሸልሸው፣ ሁሉም ጨጓራ ነው የሚለው። መድኃኒቱንም ሁሉም ያውቃል። ከመንገዱ ማዶ ጫማ የሚሸጠው እስራኤል ተልባ በጥብጣ በባዶ ሆዷ እንድትጠጣ መከራት። አንዷ ደንበኛዋ የጥሬ ድንች ውሃ አዘዘችላት። እኔም አላረፍኩም፤ ቀዝቃዛ ወተት ብያታለሁ። ፋርማሲ ገብታ “ለጨጓራ” ስትል የሚሰጧት እንክብል ከቦርሳዋ ጠፍቶ አያውቅም።

አንዳንዴ ይሻላታል። አንዳንዴ ደግሞ ቀኝ ጎኗን፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር፣ ጨምድዶ ይይዛታል። ያኔ መቀሱ እጇ ላይ እንዳለ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች። ፊቷ ላብ በላብ ይሆናል። ቆይቶ “ለቀቀኝ” ትልና ጨርቁን ካቆመችበት ትቀጥላለች።

“ሐኪም ዘንድ ሂጂ እንጂ” እላታለሁ።

“ምን ሊለኝ? ጨጓራ ነው ሊለኝ።”

ዩኑስ የመጣው በዚህ መሃል ነው። አዲስ ከተማ፣ ገበያው አጠገብ ቅቤና ማር ይሸጣል። ሚስቱ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፤ ልጆቹ አድገው ከቤት ወጥተዋል። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ችኮላ አያውቅም። ቀልድ ሲነግሩት ዝም ብሎ ይሰማል፣ ነጋሪው ተስፋ ቆርጦ ሌላ ወሬ ሲጀምር ያን ጊዜ ይስቃል።

መጀመሪያ ለሳሎኑ መጋረጃ ሊገዛ መጣ። በሳምንቱ ለመኝታ ቤቱ መጣ። ከዚያ ለወጥ ቤቱ፣ ከዚያ ለእንግዳ ክፍሉ።

“የዚህ ሰውዬ ቤት ስንት መስኮት ነው ያለው?” አለችኝ ሙንተሃ።

መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ ነኝና መስኮቱ ካለቀ መቆየቱን ነገርኳት። እሷ የተጣጠፈ ጨርቅ ፈትታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

ዩኑስ አፍ የለውም። በአፉ ያልቻለውን በቅቤ ሊናገር ሞከረ። ከሀገረ ሰላም በኩል የሚመጣለትን ለጋ ቅቤ፣ ከሁሉ መርጦ፣ በኮባ ጠቅልሎ ያመጣላት ጀመር። ሙንተሃ ቅቤ ነፍሷ ነው። ያደገችበት ነው፤ አተካና ሲሠራ ቡላው ቅቤው ውስጥ መዋኘት አለበት ብላ የምታምን ሴት ናት። ቅቤውን ስትቀበል ፊቷ ሲፈካ አይቻለሁ፤ ይህ ግን በቅቤው ይሁን በሰውየው ያኔ መለየት አልቻልኩም።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ የሄዱት ጠሀ ዘንድ ነው። ጠሀ የሟቹ ባሏ ወንድም ነው፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ እሷንና ልጇን እንደ ወንድም ሲደግፍ የኖረ ሰው ነው። “ሙንተሃ የወንድሜን ቤት በክብር ጠብቃለች። ልጅ አይደለችም፤ መልሱን ራሷ ትስጥ” አላቸው። ልጇ ሶፍያ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ትቀበላለች፤ እሷም “እማ፣ ጋሽ ዩኑስን እኔ ወድጃቸዋለሁ” አለች። ሙንተሃ “ላስብበት” አለች። ማሰቡ ረዘመ። ረመዳን መጣ፣ ሄደ፣ ዒድ አለፈ፣ እሷ አሁንም እያሰበች ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ስፌት ቤቴ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

“ብርሃነሽ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። እንዳትስቂ።”

“አልስቅም።”

“ሰውየውን ሆዴ አልወደደውም።”

“ማንን? ዩኑስን?”

“ልቤ ምንም አላለም። እውነቱን ከፈለግሽ ልቤ ይወደዋል። እምቢ ያለው ሆዴ ነው። እሱ መጥቶ በሄደ ቁጥር ያ ሕመም ይይዘኛል። የዒድ ዕለት ጠሀ ቤት አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ንብ ሲያወራኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በልተን ሳንነሳ ቀኝ ጎኔ እስከ ትከሻዬ ተወጠረ። ልጁን ሊጠይቅ ቡታጅራ ሄዶ በከረመ ጊዜ ግን አንድም ቀን አላመመኝም። ተመልሶ መጣ፣ ሕመሙም አብሮት መጣ።”

“ጨጓራ ነው አላልሽም እንዴ?”

“ጨጓራ ሰው ለይቶ ያማል? እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ ዓይንም ጆሮም ይታለላል፣ ሆድ ግን ያውቃል ትለኝ ነበር።”

አልሳቅሁባትም። እኛ ዘንድ ሆድ ብዙ ሥራ አለበት። የሚያሳዝን ነገር አንጀታችንን ይበላዋል፣ ስንረካ አንጀታችን ይርሳል፣ ሲከፋን ሆድ ይብሰናል፣ የፈሪ ሰው ሐሞቱ ይፈስሳል። እንዲህ ያለውን ሁሉ የሚያውቅ ሆድ ባልን አይመርጥም ብዬ ልከራከራት አልደፈርኩም። የተናገርኩት “እርግጠኛ ነሽ?” ብቻ ነው።

“እርግጠኛ ነኝ” አለች፤ ድምፅዋ ግን የእርግጠኛ ሰው ድምፅ አልነበረም። “በሽማግሌ እምቢ ብለው አዋረድኩት ማለት ነው። ራሴ ፊት ለፊት፣ በደንብ አድርጌ እነግረዋለሁ።”

ሶፍያ የምትሠራበት ሆቴል ውስጥ ምሳ አዘጋጀች። እናቷ እሺ ልትል ነው ብላ ስለገመተች የመረጠችው ጠረጴዛ ከሐይቁ ዳር፣ ዛፍ ሥር ያለውን ነበር። ሙንተሃ ብቻዋን ከወንድ ጋር ተቀምጣ እንዳትታይ እኔ አብሬ ሄድኩ። ቅዳሜ ነበር። ዩኑስ ሙሉ ልብስ ለብሶ ቀድሞን ደርሷል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሣሩ ጫፍ ላይ ተሰልፈው የሰው ሳህን ይጠብቁ ነበር።

“ዓሳ አዝዣለሁ” አለ ዩኑስ። ከዚያ ትንሽ አመነታና “የሆቴል ዘይት አላምንም። ለወጥ ቤቱ የራሴን ቅቤ ሰጥቻቸዋለሁ” ብሎ ጨመረ።

ዓሳው መጣ። ቅቤው ሳህኑ ላይ ያበራል። ሙንተሃ እምቢታዋን ከምግብ በፊት ማምጣት ነውር ስለመሰላት መብላት ጀመረች፤ ከጀመረች በኋላ ደግሞ መተው አልቻለችም። እኔም እንዲሁ። ብዙም አልተነጋገርንም። ሳህኑ ሲነሳ ሙንተሃ እጇን አደራረቀች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

“አቶ ዩኑስ፣ ዛሬ የጠራሁዎት…”

ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። ቀኝ እጇ ወደ ጎኗ ሄደ፣ ፊቷ አመድ መሰለ፣ ጠረጴዛው ላይ ድፍት አለች። ከዚህ በፊት እንዲህ ይዟት አላየሁም። ወደ ሣሩ ዞራ የበላችውን ሁሉ አስመለሰችው። ዩኑስ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። ሶፍያ እየሮጠች መጣች፣ ባጃጅ ተጠራ። እኔና ሶፍያ እሷን መሃል አድርገን ከኋላ ገባን፤ ዩኑስ ከሹፌሩ ጎን ግማሽ አካሉ ውጭ ሆኖ ተሳፈረ፤ የሙንተሃን ቦርሳና አንድ ጫማዋን ታቅፏል።

መንገድ ላይ ጆሮዬ ሥር “አየሽ?” አለችኝ። “ሆዴ ከአፌ ቀደመኝ።”

የገባንበት ክሊኒክ የተቀበለን ሐኪም ኦሊያድ የሚባል ወጣት ነው። በቤቱ ሲዳሙ አፎ የሚያወራ ልጅ መሆኑ ያስታውቃል፤ አማርኛውን ቃል በቃል እየመረጠ፣ ሳይቸኩል ይናገራል። ሶፍያ ካርድ ልታወጣ ሄደች፣ ዩኑስ በር ላይ ቀረ፣ እኔ ከሙንተሃ ጋር ገባሁ። ማስታገሻ ተወጋች። ሕመሙ ጋብ ሲልላት ሐኪሙ ወንበሩን ሳብ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ።

“ምንዎን ነው ያመመዎት?”

“ጨጓራዬን።”

“ስሙን ይተዉትና በጣትዎ ያሳዩኝ።”

ሙንተሃ ጣቷን ቀኝ ጎኗ ላይ፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር አሳረፈች። ዶክተር ኦሊያድ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የሰው ሆድ ሥዕል ዞረ።

“ጨጓራ እዚህ ነው” አለ፤ እጁን ወደ ግራ አሳርፎ። “የዋጡት ምግብ በዚህ ቧንቧ ወርዶ እሱ ውስጥ ይገባል። ከእሱ ቀጥሎ ትንሹ አንጀት አለ፣ ከዚያ ትልቁ። ይህ ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመው ቆሽት ነው። እርስዎ ጣትዎን ያሳረፉት ግን እዚህ ላይ ነው። ይህ ትልቁ ጉበት ነው፤ ከሥሩ የተሸጎጠችው ትንሽ አረንጓዴ ነገር ደግሞ የሐሞት ከረጢት ትባላለች።”

እኔ ይህን ሁሉ ዕድሜ ኖሬ ሆድ አንድ ትልቅ ከረጢት ይመስለኝ ነበር። ተነስቼ ወደ ሥዕሉ ቀረብኩ። ሙንተሃም ከተኛችበት አንገቷን አቀናች።

“ትርፍ አንጀትስ?” አለች።

“እሱ እዚህ ታች ነው። የእርሱን ወሬ ለሌላ ቀን እናቆየው።”

ከዚያ ጥያቄው ቀጠለ። ቃር አለ? ዓይንዎ ቢጫ ሆኖ ያውቃል? ሽንትዎ ጠቁሮ? ሰገራዎ ነጥቶ? ሰገራ ላይ ሲደርስ ሙንተሃ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና “ደህና ነው” አለች። ሐኪሙ ከጎድን አጥንቷ ሥር ጫን አድርጎ ወደ ውስጥ ይተንፍሱ ሲላት መሃል ላይ ትንፋሿ ቁርጥ አለ። ራሱን ነቀነቀ።

“ሕመሙ የሚነሳው መቼ መቼ ነው?”

ሙንተሃ እኔን አየችኝ። እኔም አየኋት።

“ዶክተር፣ እውነቱን ልንገርዎት። ሰው ሲመጣ ነው።”

“ምን ዓይነት ሰው?”

“አንድ ሰው ነው።”

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። “ሰውየው ያስጨንቅዎታል? ይቆጣዎታል?”

“ኧረ እሱስ አይቆጣም። ድምፁም አይሰማ።”

“እሺ፣ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?”

“ምን እናደርጋለን? እንበላለን።”

“ምን ትበላላችሁ?”

ሙንተሃ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። በመጨረሻ መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

“ቅቤ” አልኩ።

“ስንት ጊዜ?”

“ሁልጊዜ። ቅቤ ነጋዴ ነው። ሲመጣ ይዞ ይመጣል። የዒድ ዕለትም ይዞ መጥቷል። ዛሬ ዓሳው የተጠበሰው በእሱ ቅቤ ነው።”

“ሳይመጣ ሲቀርስ?”

“ሳይመጣ ሲቀር” አለች ሙንተሃ ቀስ ብላ፣ “ብቻዬን ምን አበስላለሁ? ሽሮዬን እበላለሁ።”

ዶክተር ኦሊያድ ፈገግታውን ለመደበቅ ወደ አልትራሳውንዱ ዞረ። ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀባ፣ መሣሪያውን እያንሸራተተ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። መጀመሪያ የጥቅምት ጉም እንጂ ምንም አልታየኝም። በኋላ ጥቁር ዕንቁላል የመሰለ ነገር አሳየን፤ ከሥሩ ነጫጭ ነገሮች ተጠራቅመዋል።

“ጠጠር ናቸው። የሐሞት ጠጠር። ሐሞት ስብን ይፈጫል። ቅባት ያለው ነገር ሲበሉ ይህች ከረጢት ተጨምቃ ሐሞቷን ወደ አንጀት ትለቃለች። መውጫዋ ላይ ጠጠር ሲቀረቀርባት ነው እንዲህ የሚያሰቃይዎት። ቅቤ በበሉ ቁጥር ከረጢቷን ይጨምቋታል።”

“ታዲያ ሰውየውስ?” አለች ሙንተሃ።

“ሰውየው ምንም አላደረገም። ሆድዎ እሱ ቢመጣ ባይመጣ ግድ የለውም።”

ሙንተሃ ጣሪያውን አየች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያለቀሰች መስሎኝ እጇን ያዝኩ። ለካ እየሳቀች ነው። “ወይ እኔ፣ ወይ እኔ” ትላለች፤ ጎኗን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ። “ብርሃነሽ አታስቂኝ፣ ያመኛል።” እኔ ምንም አልተናገርኩም ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዶክተር ኦሊያድ ለቤተሰብ ሊያስረዳ ወደ ውጭ ወጣ። ሶፍያና ዩኑስ በር ላይ ቆመው ነበር። ዩኑስ አሁንም ጫማውን አላስቀመጠም።

“ሐሞት ከረጢታቸው ውስጥ ጠጠር አለ፤ መታከም የሚችል ነው፣ አትጨነቁ” አላቸው። “ለጊዜው ግን ቅቤ ፈጽሞ እንዳትሰጧቸው። እስካሁን ሲያሳምማቸው የኖረው እሱ ነው።”

“ቅቤውን የማመጣላቸው እኔ ነኝ” አለ ዩኑስ።

ሐኪሙ አዝኖ አየው። “አላወቁም፤ ጥፋት የለብዎትም። እንግዲህ ያቁሙ።”

ዩኑስ ቦርሳውን ወንበሩ ላይ፣ ጫማውን ከወንበሩ ሥር በጥንቃቄ አስቀመጠ። እኛ ሙንተሃን ደግፈን ስንወጣ በር ላይ አልነበረም።

ከረጢቷ ብትወጣ እንደሚሻል ተነገራት። ጠጠሩ ሕመሙን መደጋገሙ አይቀርም፤ ወርዶ የቆሽትን መንገድ ከዘጋ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ሙንተሃ ቢላ አትፈራም። የከነከናት ሌላ ነገር ነው።

“ሐሞቴን አውጥታችሁ ያለ ሐሞት ልትሰዱኝ ነው?” አለችው ኦሊያድን። “ፒያሳ ላይ ያለ ሐሞት እንዴት ይነገዳል?”

“ሐሞቱን የሚሠራው ጉበትዎ ነው፣ እሱም መሥራቱን አያቆምም። ከረጢቷ ማጠራቀሚያ ናት።”

“መጋዘን ናታ።”

“መጋዘን ናት።”

“ሱቁ ክፍት ከሆነ መጋዘኑ ይዘጋ” አለች።

ቀዶ ጥገናው የተደረገው በትልቁ ሆስፒታል ነው። በጠባብ ቀዳዳዎች አልፈው አወጡላትና በሰላም ነቃች። ጠሀ በእሱ ወግ፣ እኔም በእኔ ወግ ስንጸልይ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ስንገናኝ አንዳችን ለሌላው “ጸሎታችን ተሰማ” አልን። በማግስቱ ፒያሳ ግልብጥ ብሎ መጣ። እስራኤል ያለ ተልባ አልመጣም። ሙንተሃ ሰውን ሁሉ በፈገግታ ተቀበለች፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ዓይኗ ወደ በሩ ይሄዳል። የገባው ሰው ዩኑስ አይደለም።

“ለምን አልመጣም?” አለች አንድ ቀን፣ እኔን እንጂ ሶፍያን ያልጠየቀች ለመምሰል እየሞከረች።

ሶፍያ መደበቅ አልቻለችም። “በየጠዋቱ ይደውሉልኛል። እንቅልፍ ወስዷት ያድራል ወይ፣ ሾርባ ወረደላት ወይ ይላሉ። እንዳትነግሪያት ብለውኛል። በጣም አፍረዋል፣ እማ።”

ጠሀ ደግሞ የገበያውን ወሬ ይዞ መጣ። ዩኑስ ቅቤ ሊገዛ የመጣን ሰው ሁሉ ከመሸጡ በፊት “ቀኝ ጎንዎን ያምዎታል?” እያለ ይጠይቃል አሉ። አንዷ ሴትዮ አዎ ስትለው ቅቤውን ከእጇ ነጥቆ ሐኪም ዘንድ ሂጂ ብሎ ሰደዳት። ሴትዮዋ ተቆጥታ ከሌላ ገዛች። ሙንተሃ ይህን ስትሰማ ቁስሏን በትራስ ደግፋ ሳቀች።

ድና ወደ ሱቋ ተመለሰች። ቁስሏ ደረቀ፣ ፊቷ ወዙ ተመለሰ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ጣቃ ማውረድ ጀመረች። ዩኑስ አሁንም አልመጣም። አንድ ጠዋት ሱቋን ቆለፈችና መርፌ ላይ ክር እያስገባሁ ሳለ ደጃፌ ላይ ቆመች።

“ተነሺ፣ አዲስ ከተማ እንሄዳለን።”

“ምን ልትገዢ?”

“ማር።”

“ባጃጅ ልጥራ?”

“በእግራችን ነው።”

ዩኑስ ከሩቅ ሲያየን ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። ከደጅ ያለውን የቅቤ ሳፋ በጨርቅ ሸፈነው፤ ጨርቁ ስላልበቃው የቀረውን በራሱ ጀርባ ከለለው። እንዲያ ሆኖ ቆሞ ሰላም አለን።

“ማር ፈልጌ ነበር” አለች ሙንተሃ።

“ማር ሐኪሙ ፈቅዷል?”

“ማር መቼ ከለከለኝ? ቅቤም ቢሆን ወደፊት ጥቂት ጥቂት እያሉ ይሞክሩት ብሎኛል።”

“ከእኔ አይሆንም” አለ።

“ለምን?”

ከዚያ ዩኑስ ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ የማላውቀውን ያህል ተናገረ። “ወይዘሮ ሙንተሃ፣ እኔ የማውቀው ቅቤ ነው። ጥሩውን ለመለየት ሽታው ይበቃኛል። የመጣልኝን ሁሉ እያሸተትኩ ከሁሉ የሚበልጠውን ለእርስዎ አስቀር ነበር። አሁን ሳስበው ቅቤው በተሻለ ቁጥር እርስዎን ይበልጥ አሳምሜአለሁ። ታዲያ በምን ዓይኔ ልይዎት?”

ሙንተሃ የማር ገንቦው አጠገብ ያለውን ዱካ ስባ ተቀመጠች። እኔ መንገዱን የማይ መሰልኩ።

“እኔም የምነግርዎ አለኝ” አለች። “ያን ቀን ሆቴል የጠራሁዎት እምቢ ልልዎት ነበር።”

ዩኑስ ሳፋውን መከለል ተወ። “ጠርጥሬ ነበር። ነጠላዎን ሲያስተካክሉ ጠረጠርኩ።”

“ሆዴ አልወደደዎትም ብዬ ነው። በመጡ ቁጥር ሲያመኝ የመሰለኝ እሱ ነው። ልቤን ሳልጠይቅ ሆዴን ሰማሁ፤ ሆዴ ደግሞ ያወራ የነበረው ስለ ጠጠር ኖሯል።”

በገበያው መሃል ጋሪ አለፈ፣ አንዲት ሴት ስለ ቅቤ ዋጋ ጠይቃ መልስ ስታጣ ሄደች።

“አሁንስ?” አለ ዩኑስ።

“አሁን ከፒያሳ እዚህ ድረስ ስመጣ መንገዱን ሙሉ ሆዴን ሳዳምጠው ነበር።”

“ምን አለ?”

“ራበኝ አለ።”

ዩኑስ ምንም አልተናገረም። ሙንተሃ ተነሥታ ማሩን መምረጥ ጀመረች፣ ነጩን ቀመሰች፣ ቀዩን ቀመሰች፣ ከቀዩ እንዲሞላላት ዕቃዋን ዘረጋችለት። ያን ጊዜ ነው መሳቅ የጀመረው። ማሩን እየቀዳ ይስቃል፤ ማሩ በዕቃው ጠርዝ ወርዶ እጁን አለበሰው።

“ሽማግሌዎቹ መልስ ሳይሰጣቸው ቀርቷል” አለችው ስንወጣ። “ጠሀ ዘንድ ይመለሱ። ምን እንደሚላቸው ያውቃል።”

ጠሀ ግን አያውቅም ነበር፤ የነገረችው በመመለሻችን ላይ በስልክ ነው።

ኒካው ጠሀ ቤት ሆነ። ልብሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ወገቡ ላይ ቀዶ ጥገናው ያለበትን ቦታ እንዳይነካት ለቀቅ አድርጌዋለሁ። ሶፍያ ምግቡን በሁለት ድስት አሠራችው፣ ቅቤ ያለበትና የሌለበት፣ እንዳይቀላቀልም ቅቤ ባለበት ድስት ጆሮ ላይ ቀይ ክር አሰረችበት። ዶክተር ኦሊያድ ተጠርቶ መጣ። ሐኪም መሆኑ እንደታወቀ በእርጋታ መብላት አልቻለም። እስራኤል ቃሩን፣ የጠሀ ሚስት የሆድ ድርቀቷን፣ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ግሳታቸውን ይዘው ከበቡት። ሁሉም “ጨጓራ አለብኝ” ብለው ይጀምራሉ። እሱም በትዕግሥት “በጣትዎ ያሳዩኝ” ይላል።

ወደ መጨረሻው ላይ አተካናው መጣ። ሙንተሃ ቀይ ክር ካለበት ድስት ጥፍር የምታክል ቀንሳ ቀመሰች። ቤቱ ሁሉ አያት። ቀኝ ጎኗን ነካ አደረገች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ ትከሻዋን ሰበቀች። ማንኪያዋን ለሁለተኛ ጊዜ ስትዘረጋ ዶክተር ኦሊያድ ከማዶ ጣቱን ነቀነቀባት። ዩኑስም ሳህኑን ከፊቷ ወሰደና የቀረውን እሱ በላው።